ባግዳድን መያዝ ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ከዚያስ?

ባለፈው እትም አሜሪካ ኢራቅን ስለወረረችበት የ2003 ጦርነት አጭር ጽሑፍ አውጥተን ነበር። ጽሑፉ ባግዳድ በወደቀችበት ቀን ላይ ያበቃል። የጻፋችሁልን አብዛኞቻችሁ «ዋናው ነገር እኮ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው» ብላችሁ ወቅሳችሁናል። ልክ ናችሁ። ስለዚህ የዛሬው ገጽ በሙሉ ለእሱ ነው። የውጭ አገሩ ዓመተ ምሕረት በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የአገራችን በእኛው ነው። ጥያቄዎቹን ትንሽ አሳጥረናቸዋል፤ ቅር እንዳይላችሁ።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። አሜሪካን የሚያክል አገር፣ ያን ሁሉ ጄኔራልና ምሁር ይዞ፣ ባግዳድን በሦስት ሳምንት ተቆጣጥሮ ሲያበቃ እንዴት ስምንት ዓመት ሙሉ ይዳክራል? ሰው ሁሉ «ዕቅድ አልነበራቸውም» ይላል። እውነት ያለ ዕቅድ ነው የገቡት? (ከጅማ)

መልስ፦ ዕቅድማ ነበር። ያውም በቅጽ በቅጽ። የነበረውን ነው የጣሉት። እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ «አላወቁም ነበር» የሚለውን ነገር አልቀበልም።

የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከ2002 ጀምሮ በስደት ያሉ ኢራቃውያንን፣ የሕግ ሰዎችን፣ መሐንዲሶችን ሰብስቦ፣ በ17 ቡድን ከፋፍሎ «ሳዳም ቢወድቅ ማግስቱን ምን ይደረጋል?» እያለ ያስጠና ነበር። 13 ቅጽ ወጣው። ከዚያ በኋላ ግን አገሪቱን የማስተዳደሩ ሥራ ለፔንታጎን ተሰጠ። የመከላከያ ሚኒስትሩ ዶናልድ ራምስፌልድና ሰዎቻቸው ያንን ጥናት ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት። ጥናቱን ያስተባበረውን ባለሙያ እንኳ ባግዳድ ከሚሄደው ቡድን ውስጥ አስወጡት።

የወታደሩም ቁጥር እንደዚሁ ነው። የምድር ጦሩ ዋና አዛዥ ጄኔራል ኤሪክ ሺንሴኪ ወረራው ሊጀመር አንድ ወር ሳይቀረው ሴኔት ፊት ቀርበው ስንት ወታደር ያስፈልጋል ተባሉ። ከጦርነቱ በኋላ አገሪቱን ለማረጋጋት ጥቂት መቶ ሺህ ወታደር ሳያስፈልግ አይቀርም አሉ። ሰውየው በቦስንያ የሰላም አስከባሪ ጦር የመሩ ናቸው፤ ዝም ብለው አልተናገሩም። ከሁለት ቀን በኋላ ምክትል የመከላከያ ሚኒስትሩ ፖል ዎልፎዊትዝ ወጥተው ግምቱ ጭራሽ ከእውነት የራቀ ነው አሉ። እንዲያውም አገሩን ለማረጋጋት ከውጊያው የበለጠ ጦር ያስፈልጋል ብሎ ማሰብ ይከብዳል አሉ። ተመልከት፣ ስህተቱ በሙሉ እዚህች አባባል ውስጥ አለ። ውጊያ ጠላት ባለበት ቦታ ነው የሚካሄደው። ጥበቃ ግን በየባንኩ፣ በየሆስፒታሉ፣ በየመጋዘኑ፣ በየድንበሩ፣ ያውም ሃያ አራት ሰዓት ነው።

ገንዘቡንም ልንገርህ። የፕሬዚዳንት ቡሽ የኢኮኖሚ አማካሪ ላውረንስ ሊንዚ ጦርነቱ ከ100 እስከ 200 ቢሊዮን ዶላር ሊፈጅ ይችላል አሉ። ጥቂት ወር ቆይተው ከሥራቸው ለቀቁ። የአሜሪካ የዕርዳታ ድርጅት ኃላፊ ደግሞ በኤፕሪል 2003 በቴሌቪዥን ቀርበው መልሶ ግንባታው አሜሪካን የሚያስወጣት 1.7 ቢሊዮን ዶላር ብቻ ነው አሉ። በስተመጨረሻ ለመልሶ ግንባታው ብቻ ወደ 60 ቢሊዮን ዶላር ወጣ። ውጊያው እዚህ ውስጥ የለበትም። እኔ ይሄንን የሒሳብ ስህተት ነው አልልም። እውነተኛው ቁጥር አስቀድሞ ቢነገር ኮንግረሱም ሕዝቡም ሁለት ጊዜ ያስብ ነበር። ጦርነቱን ለመሸጥ ዋጋው መርከስ ነበረበት፤ ዋጋው እንዲረክስ ደግሞ ዕቅዱ መሳሳት ነበረበት።

እንግሊዞቹ ይህንን ሲያጠኑ ሰባት ዓመት ፈጀባቸው። በ2016 የወጣው የቺልኮት ሪፖርት ከሳዳም በኋላ ለሚመጣው ጊዜ የተደረገው ዝግጅት ፈጽሞ በቂ አልነበረም ብሎ ደመደመ። የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር «ይህ ከሆነ በኋላ የመጣ ጥበብ ነው» ዓይነት መከራከሪያ ነበራቸው። ሪፖርቱ አልተቀበላቸውም። የእርስ በርስ ግጭቱም፣ የኢራን ጣልቃ መግባትም፣ የአልቃይዳም ነገር ከወረራው በፊት በግልጽ ተነግሮ ነበር አለ።

መሬት ላይ የሆነው እንዲህ ነው። ባግዳድ በኤፕሪል 9 ወደቀች። አገሪቱን እንዲያስተዳድር የተቋቋመው የጡረተኛው ጄኔራል ጄይ ጋርነር ቢሮ ከተመሠረተ ገና ሦስት ወር አልሞላውም። የዚያን ዕለት ቡድኑ ኩዌት ሆቴል ውስጥ ቁጭ ብሎ «ግቡ» እስኪባል ይጠብቅ ነበር። ጋርነር ባግዳድ የገቡት በኤፕሪል 21 ነው። በመካከሉ ባሉት ቀናት ከተማዋ ተዘረፈች። ወንበርና ኮምፒዩተር ብቻ እንዳይመስልህ። የኤሌክትሪክ ገመድ ከግድግዳ እየተነቀለ፣ የቧንቧ መክፈቻ እየተፈታ ነው የሄደው። ከ23 ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች 17ቱ እንዳልነበሩ ሆኑ። የነዳጅ ሚኒስቴሩን ግን ታንክ ይጠብቀው ነበር። የባግዳድ ሰው ይሄንን አይቶ የራሱን መደምደሚያ ወሰደ፤ ማን ይፈርድበታል? ራምስፌልድ ስለ ዝርፊያው ሲጠየቁ «እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል» ብለው አለፉት። በየቦታው የነበሩት የጥይትና የፈንጂ መጋዘኖችም ጠባቂ አልነበራቸውም። ከባግዳድ በስተደቡብ ካለው ከአል ቃቃ ብቻ ከ300 ቶን በላይ ከባድ ፈንጂ የት እንደገባ አልታወቀም። በኋላ በየመንገዱ ዳር እየተቀበረ የአሜሪካን ወታደር የሚፈጀው ቦምብ ከየት መጣ ብለህ ከጠየቅህ፣ አንዱ መልስ ይኸው ነው።

ቡሽ በሜይ 1 በጦር መርከብ ላይ ቆመው ዋናው ውጊያ አበቃ አሉ። ከኋላቸው «ተልዕኮው ተፈጸመ» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። ሙሶሎኒም ሚያዝያ 27 ቀን 1928 አዲስ አበባ በተያዘች ዕለት ጦርነቱ አለቀ ብሎ ነበር። አርበኞቻችን ግን አልሰሙትም።

ጥያቄ፦ እኔ የቀድሞ ሠራዊት አባል ነኝ። በ1983 ተበትነን እጃችን ባዶ ቀርቷል፤ የሆንነውን እኛ እናውቀዋለን። የኢራቅም ጦር ተበተነ፣ ከዚያ አገሩ ታመሰ ሲባል እሰማለሁ። እኛስ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው አልነበርንም እንዴ? ለምን እንደዚያ አልሆነም? (ከቢሾፍቱ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ከመጡልን ጥያቄዎች ሁሉ ይሄኛው ነው ብዙ ያስቆዘመኝ።

መጀመሪያ የኢራቁን ልንገርዎት። የጋርነር ሐሳብ ሠራዊቱን ይዞ ማቆየት ነበር። መንገድ ይሥራ፣ ድልድይ ይጠግን፣ ሕንፃ ይጠብቅ። ይህ ሐሳብ ከወረራው ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ቡሽ ፊት ቀርቦ ይሁንታ አግኝቷል። ከአውሮፕላን የተበተነው ወረቀት ራሱ የኢራቅን ወታደር «አትዋጋ፣ ቤትህ ግባ» ነበር የሚለው። ብዙው ቃሉን አክብሮ ገባ። መኮንኖቹም ከአሜሪካኖቹ ጋር እየተገናኙ የወታደሩን ስም ዝርዝር ማቅረብ ጀምረው ነበር።

በሜይ 12 ጋርነርን የሚተካ ሰው መጣ፤ ፖል ብሬመር። ዲፕሎማት ናቸው፤ ኢራቅ ውስጥ ሠርተው አያውቁም፤ ዓረብኛም አይችሉም። በመጡ በአራተኛው ቀን ትዕዛዝ ቁጥር 1 ወጣ። የሳዳም ገዥ ፓርቲ የነበረው የባዝ ፓርቲ የላይኛዎቹ አራት እርከን አባላት ከመንግሥት ሥራ ይወገዱ ተባለ። ከሳምንት በኋላ ትዕዛዝ ቁጥር 2 ተከተለ። ሠራዊቱ፣ መከላከያ ሚኒስቴሩ፣ ደኅንነቱ፣ የሪፐብሊካን ዘቡ፣ ሁሉም ፈርሷል ተባለ። የሠራዊቱ ሰው ብቻ ወደ 400 ሺህ ይጠጋል። ደመወዝ የለም። ለከፍተኛ መኮንኑ ጡረታም የለም። ጠመንጃው ግን እቤት አለ።

የባዙን ነገር የኢሠፓን መታወቂያ የሚያስታውስ ሰው አይስተውም። አስተማሪው፣ ሐኪሙ፣ መሐንዲሱ ለዕድገትና ለሥራ ሲል ነበር ፓርቲ የገባው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው በአንድ ወረቀት ቤቱ ገባ። ውሃ ማጣሪያውን የሚያውቀውም፣ የኃይል ማመንጫውን የሚያስነሳውም አብሮ ሄደ።

በጁን 18 የተበተኑት ወታደሮች ባግዳድ ውስጥ የብሬመር ቢሮ በር ላይ ሰልፍ ወጡ። ጥያቄያቸው ደመወዝ ነው። ድንጋይ ተወረወረ፣ የአሜሪካ ወታደሮች ተኮሱ፣ ሁለት ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ ነው ለወታደሮቹ አበል ይከፈላል የተባለው። ያንኑ ገንዘብ ከወር በፊት መስጠት ይቻል ነበር እኮ! ሲለምን ተዋርዶና ተገድሎበት የሚሰጥ ገንዘብ አመስጋኝ አያፈራም።

ለብሬመር ፍትሐዊ ልሁንና፣ እሳቸው የሚሉት «የበተንኩት ሠራዊት የለም፤ እኔ ስመጣ ሁሉም ቤቱ ሄዷል፣ ካምፑም ተዘርፏል» ነው። ሺዓውና ኩርዱ ያንን ሠራዊት እንደ ጨፍጫፊው ነው የሚያየው፣ መልሶ መጥራት አገር ያስነሳ ነበር ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። ነገር ግን ቤቱ የገባን ሰው ስሙን መዝግቦ፣ ወር በወር እየከፈሉ ማቆየት አንድ ነገር ነው። በሬዲዮ «ከዛሬ ጀምሮ ምንም አይደለህም» ማለት ሌላ።

አሁን ወደ እኛ። በ1983 ወታደሩ በየካምፑ ገብቶ ተመዘገበ። ለቀድሞው ሠራዊት አባላትና ለጦር ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ኮሚሽን ወዲያው በዚያው ሰኔ ወር ተቋቋመ። ከ450 ሺህ በላይ ሰው በእሱ በኩል ነው የተሸኘው። የመንገድ ትራንስፖርት፣ ለጥቂት ወራት ቀለብ፣ ለገበሬው ዘርና ማዳበሪያ፣ ለአንዳንዱም በሬ። የዓለም ባንክ በኋላ እንደ ምሳሌ ጽፎለታል። እርስዎና ጓደኞችዎ ግን ሌላ ታሪክ አላችሁ፤ አልክደውም። ስንቱ ጀግና የደንብ ልብሱን ለብሶ በየመንገዱ ዳር እጁን ሲዘረጋ አይተናል። ስንቱ መኮንን እስር ቤት ገባ። ዕድሜ ልኩን ሙያው ውትድርና የነበረ ሰው ሁለት ኩንታል እህል ይዞ ምን ይሁን? ስለዚህ ጥሩ ነበር አልልም። የከፋ እንዳይሆን ያደረገው ግን አለ።

አንደኛ፣ ወታደሩ ከብሔራዊ ውትድርና የመጣ የገበሬ ልጅ ይበዛው ነበር። የሚመለስበት ቀዬ፣ የሚያርሰው መሬት ነበረው። የኢራቁ መኮንን የከተማ ደመወዝተኛ ነው፤ ቤተሰቡ በወር ደመወዝ ነው የሚያድረው። ሁለተኛ፣ የእኛ ሰው 17 ዓመት ጦርነት ሰልችቶት ነበር። ሦስተኛና እኔ ትልቁ የምለው፣ ያሸነፈውን ወገን ሰው ቢጠላውም የአገር ልጅ ነው። ባግዳድ በር ላይ ቆሞ «ዞር በል» የሚለው ግን ቋንቋውን የማይችል ባዕድ ነበር።

የተበተነው መኮንን ሁሉ አሸባሪ ሆነ ማለት ነውር ነው፤ አብዛኛው ታክሲ ነዳ፣ ተሰደደ፣ ቤቱ ተቀመጠ። ጥቂቱ ግን በቂ ነበር። አይ ኤስን በድርጅትና በስለላ ካዋቀሩት አንዱ፣ ሐጂ በክር የሚባለው፣ የሳዳም አየር መከላከያ ኮሎኔል ነበር። መሪያቸው አልባግዳዲ በ2004 አሜሪካኖቹ ያስተዳድሩት በነበረው በካምፕ ቡካ ታስሯል። እዚያ እስር ቤት ጽንፈኛውና የቀድሞው መኮንን በአንድ አጥር ውስጥ ተገናኙ። በጁን 2014 ሞሱልን ያዙ። እኛ ደግሞ ይሄንን ድርጅት በእኛ አቆጣጠር በሚያዝያ 2007 ሊቢያ ውስጥ በወገኖቻችን ላይ ባደረገው ነገር አወቅነው።

ጥያቄ፦ ሁላችሁም አሜሪካን መውቀስ ይቀናችኋል። ሳዳም እኮ የገዛ ሕዝቡን በጋዝ የፈጀ ሰው ነው! የወንድሜ ልጅ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ሆኖ እዚያ አገልግሏል፤ ጥሩ ነገር ሠርተናል ብሎ ነው የሚያምነው። መወገዱ መጥፎ ነበር እያላችሁ ነው? (ከቨርጂንያ)

መልስ፦ አይደለም። በማርች 1988 ሐለብጃ ላይ እስከ 5,000 የሚደርስ ኩርድ በመርዝ ጋዝ አለቀ። በ1991 ደቡቡ ሲነሳ ሳዳም ያደረገው በጅምላ መቃብር ተቆፍሮ ወጥቷል። ሳዳም በወደቀ በሁለተኛው ሳምንት ሺዓዎች በመቶ ሺዎች ሆነው በእግራቸው ወደ ከርበላ ጉዞ ወጡ። ለዓመታት ተከልክለው የነበረ መንፈሳዊ ጉዞ ነው። ያ ደስታ የውሸት አልነበረም። ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ አለ የተባለው ግን የለም፤ አሜሪካኖቹ ራሳቸው ፈልገው አጡት።

የወንድምህ ልጅ ጥሩ ሠርቻለሁ ካለ እኔ ምን አውቄ እከራከረዋለሁ? የእኔ ጠብ ከላኪው ጋር ነው። የፋሉጃን ከተማ ውሰድ። በኤፕሪል 2003 የአሜሪካ አየር ወለድ ወታደሮች አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ሰፈሩ። ቦታው ምቹ ነው፤ ፎቁ ላይ ሆነህ ሰፈሩን ታያለህ። ሰፈሩ ደግሞ «ልጆቻችን ይማሩበት፣ ውጡልን፣ ከጣሪያ ላይ ሆናችሁ ሴቶቻችንን አትዩ» አለ። በ28ኛው ቀን ምሽት ሰልፍ ወጣ። ወታደሮቹ ተተኮሰብን ብለው ተኮሱ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በቦታው አጣርቶ 17 ሰው ሞቷል፣ ከ70 በላይ ቆስሏል አለ። በሕንፃው ላይም ተተኩሶባቸዋል የሚያሰኝ አጥጋቢ ማስረጃ አላገኘሁም አለ።

እስቲ አስበው። ወታደሩ ሃያ ዓመቱ ነው። የሠለጠነው ከአውሮፕላን ዘሎ ጠላት እንዲገድል ነው። አስለቃሽ ጭስ የለውም። አስተርጓሚ እንደ ልብ የለም። ቀን ከንቲባ፣ ማታ ፖሊስ፣ በመካከሉ ዳኛ ሁን ተባለ። ሺንሴኪ የጠየቁት ተጨማሪ ጦር፣ ከእሱ ጋር የወታደር ፖሊሱና የሲቪል አስተዳደር ባለሙያው ቢኖር ምናልባት ትምህርት ቤቱ ውስጥ መስፈርም ባላስፈለገ ነበር። በዓመቱ ፋሉጃ የአመፁ ዋና ከተማ ሆነች። በ2004 ሁለት ጊዜ ከባድ ውጊያ ተደርጎባት ከተማዋ ፈራረሰች። በዚያው ዓመት ጸደይ በአቡ ግሬብ እስር ቤት የአሜሪካ ወታደሮች እስረኞችን ሲያሰቃዩ የሚያሳዩ ፎቶዎች ወጡ። ጠባቂዎቹም ስለ እስረኛ አያያዝ በቅጡ ያልሠለጠኑ ተጠባባቂ ወታደሮች ነበሩ፤ ይህ ግን ያደረጉትን አያስተባብልም።

በፌብሩዋሪ 2006 በሰማራ ከተማ ያለው የሺዓ መስጊድ በፈንጂ ከተደረመሰ በኋላ ነገሩ እርስ በርስ ሆነ። ሰው በመታወቂያው ላይ ባለው ስም መንገድ ላይ ተገደለ። በ2007 አራት ሚሊዮን የሚያህል ኢራቃዊ ከቤቱ ተፈናቅሎ ነበር፤ ግማሹ ከአገር ውጭ። የአሜሪካ ወታደር ወደ 4,500 ሞተ። የሲቪሉን ሞት እየመዘገበ የሚቆጥረው ኢራቅ ቦዲ ካውንት ባለፉት ዓመታት የደረሰበት ቁጥር ከ180 ሺህ በላይ ነው። እሱም በስም ወይም በዜና የተመዘገበው ብቻ።

ጥያቄ፦ በ2003 ኩዌት ሰው ቤት እሠራ ነበር። ሳይረን ሲጮህ ማዳም መስኮቱን በፕላስተር ታሽጋለች፤ እኔ ልጆቹን ይዤ ኮሪደር ላይ እቀመጣለሁ። «አሜሪካ ኢራቅን እንደ ዱባይ ታደርጋታለች» ይሉ ነበር። ዛሬም ኢራቅ መብራት የላቸውም ይባላል። ያ ሁሉ ገንዘብ የት ገባ? (ከደሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄንን ጥያቄ የአሜሪካ ኮንግረስም ጠይቆ ነበር።

የብሬመር አስተዳደር በቆየበት አንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ወደ 12 ቢሊዮን ዶላር በጥሬው፣ አብዛኛው በባለ መቶ ዶላር ኖት ታስሮ፣ በወታደር ጭነት አውሮፕላን ከአሜሪካ ባግዳድ ገባ። ክብደቱ 363 ቶን። ገንዘቡ ከአሜሪካ ግብር ከፋይ የመጣ አልነበረም፤ የኢራቅ የራሷ የነዳጅና የታገደ ገንዘብ ነው። በ2005 መጀመሪያ ላይ የመልሶ ግንባታው ኢንስፔክተር 8.8 ቢሊዮን ዶላር በአግባቡ እንዳልተወራረደ ጻፈ። ተሰረቀ ማለት አይደለም፣ ደመወዝ የተከፈለበት አለ። ግን ማን፣ ለማን፣ ስንት? ደረሰኝ የለም። የብሬመር ሰዎች «ባንክ አልነበረም፣ ጦርነት ላይ ነን» ይላሉ። እውነትም ባንክ አልነበረም። ያስዘረፉት ግን እነሱ ናቸው።

ሥራውን የሚሠሩት ሰዎችም ሌላ ጉድ ናቸው። አረንጓዴው ቀጣና በሚባለው፣ በግንብ በታጠረው ሰፈር ውስጥ ጄኔሬተር አለ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አለ። ከተቀጣሪዎቹ ብዙዎቹ የተመረጡት በሙያቸው ሳይሆን ለቡሽ ፓርቲ ባላቸው ቅርበት እንደነበር በኋላ ተዘግቧል። የባግዳድን አክሲዮን ገበያ እንዲያስከፍት የተላከው የ24 ዓመት ልጅ ነበር፤ የፋይናንስ ልምድ የለውም። ይሄንን ሳነብ ሳቅ አፈነኝ፤ ቀጥሎ ተናደድኩ።

መብራቱን በተመለከተ፣ ሳዳም የክፍለ ሀገሩን እየቀማ ባግዳድን ያበራ ነበር። ከወረራው በኋላ ኃይሉ ለሁሉም ይከፋፈል ተባለ። ሐሳቡ ፍትሐዊ ነው፣ ኃይሉ ግን የለም። ገመዱ ለመዳብ ተቆርጦ ተሽጧል፤ ምሰሶው በፈንጂ ይወድቃል፤ የሚጠግነው መሐንዲስ በባዝ አባልነት ተባርሯል። በዚያ ከ45 ዲግሪ በላይ በሚሆን በጋ በቀን ጥቂት ሰዓት መብራት! ሰው የሰፈር ጄኔሬተር ያለው ነጋዴ ጋ ገመድ ቀጥሎ በወር ይከፍላል። ያ ገመድ እስከዛሬ በየሰፈሩ እንደ ሸረሪት ድር ተንጠልጥሏል። በ2019 መጸው ወጣቱ አደባባይ የወጣው በሥራ፣ በሙስናና በዚሁ በአገልግሎት ጉዳይ ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ተገደሉ።

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ ያንን ጦርነት ደግፋ ነበር የሚባለው እውነት ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እውነት ነው። አሜሪካ በማርች 2003 ባወጣችው የደጋፊ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ አለች። ወታደር አልላክንም። የሚገርመው ኤርትራም እዚያው ዝርዝር ላይ መኖሯ ነው። የአልጀርስ ስምምነት ከተፈረመ ገና ሦስት ዓመት ያልሞላቸው ሁለት ተፋላሚዎች ባግዳድ ላይ ተስማሙ።

ጥያቄ፦ «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» ይላል ያገሬ ሰው። የሰው አገር ታሪክ ስታወሩ የእኛን የ1999 የሶማሊያ ዘመቻ ለምን ታልፉታላችሁ? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ አላለፍነውም፤ ይኸው ገባን።

ልዩነቱን መጀመሪያ። ጦራችን የገባው ዓለም ያወቀው የሽግግር መንግሥት ጠርቶት ነው፤ ያኔ ሞቃዲሾን ይዞ የነበረው እስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረትም ጅሃድ አውጆ ነበር። አሜሪካና ኢራቅ መካከል እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። መመሳሰሉ ግን ዓይን ያወጣ ነው። ውጊያው ቀናት ፈጀ። በታኅሣሥ 1999 ሞቃዲሾ ተያዘች። መንግሥታችን በሳምንታት ውስጥ እንወጣለን አለ። ቦታውን የአፍሪካ ኅብረት ጦር ይረከባል ተብሎ ታሰበ። ዩጋንዳ በየካቲት መጨረሻ ጥቂት ሻለቃ ላከች፣ ቡሩንዲ ቆይታ ተከተለች፣ ሌላው ቃል ገብቶ ቀረ። 8,000 ይሆናል የተባለው ጦር ለረጅም ጊዜ ግማሹን እንኳ አልሞላም። ተረካቢው ካልመጣ ምን ይደረጋል የሚለው መልስ ያልነበረው ይመስለኛል።

በ1999 እና በ2000 ከሞቃዲሾ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሸሸ። ቀድሞ የፍርድ ቤቶቹ የወጣት ክንፍ የነበረው አልሸባብ፣ ለዘብ የሚሉት መሪዎች ወደ ውጭ ሲሄዱ ሜዳው ለእሱ ቀረለት። «ባዕድ ወራሪ» የሚለው ቃልም መመልመያ ሆነለት። ጦራችን በጥር 2001 ወጣ። በዚያው ወር መጨረሻ የሶማሊያ ፓርላማ ጂቡቲ ላይ ተሰብስቦ ሼክ ሸሪፍ አህመድን ፕሬዚዳንት አደረገ፤ ከሁለት ዓመት በፊት ያባረርናቸውን የፍርድ ቤቶቹን መሪ። አዲስ አበባም ተቀብላ ሠራችባቸው። «ታዲያ መጀመሪያውኑ መነጋገር አይቻልም ነበር ወይ?» ብትለኝ፣ ያኔ የነበሩት ጽንፈኞች ለንግግር አይመቹም ነበር የሚል መከራከሪያ እንዳለ አውቃለሁ። እኔን አላሳመነኝም።

ጥያቄ፦ አስጎብኚ ነኝ። የባግዳድ ሙዚየም ሲዘረፍ በቴሌቪዥን ያየሁት እስከዛሬ አይወጣልኝም። ዕቃዎቹ ተመለሱ? (ከላሊበላ)

መልስ፦ ግማሽ ያህሉ። ወደ 15,000 ዕቃ ነበር የጠፋው። መጀመሪያ ማን ወሰደ ሳይባል ይመለስ የሚል ምሕረት ታወጀ፤ ይሄ እንኳ ጥሩ ዕቅድ ነበር። አምስት ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠረው፣ ዋርካ ከተባለችው ጥንታዊ የኢራቅ ከተማ የተገኘው የድንጋይ ማሰሮ በጁን ወር በመኪና ተጭኖ ሙዚየሙ በር ላይ ደረሰ፤ ተሰባብሮ ቢሆንም። የዋርካ ጭንብል የሚባለው የሴት ፊት ቅርጽ በሴፕቴምበር አንድ ግቢ ውስጥ ተቀብሮ ተገኘ። የቸገሩት ትንንሾቹ ናቸው። ከምድር ቤቱ ወደ 5,000 የሚጠጋ ጥንታዊ ማኅተም ወጥቷል፤ አንዱ የጣት ያህል ነው፣ በኪስ ከድንበር ድንበር ይሻገራል። ብዙዎቹ ገና አልተገኙም። ሙዚየሙ ራሱ በ2015 በይፋ ተከፍቷል፤ ጭንብሉም ማሰሮውም እዚያው ናቸው።